ፀሐይን ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ማጣመር፦ ለጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቤቶች የሶላር ተከላ መመሪያ

ገጠር ያለ ቤተሰብ ሶላር የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ መስመር ስላልደረሰው ነው። የአዲስ አበባው የልደታ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በክፍለ ከተማው በጠመንጃ ያዥ ሰፈር መስመሩ በራፍ ላይ አለ፤ የሚያስቸግረው የመብራቱ መቆራረጥ፣ የኃይሉ ማነስና የወር ሒሳቡ ማደግ ነው። ሀገሪቱ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ሆኖም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተጨናነቀ ግድቡ ያመነጨው ኃይል ምጣዱ ጋ አይደርስም። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ነገር ይመክራል። ለከተማ ቤት የሚበጀው ቀን ቀን የሚጠቀሙትን ያህል የሚያመነጭ፣ ከመስመሩ ጋር ተጣምሮ የሚሠራ፣ ወደ መስመሩ ግን ምንም የማይለቅ መጠነኛ ሲስተም ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ያሉትንና 9ኛውን ደረጃ እርስዎ ራስዎ ይሠሯቸዋል። 7ኛውና 8ኛው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ናቸው፤ እርስዎ ምን መጠየቅና ምን ማየት እንዳለብዎ አውቀው ይከታተሏቸው።

1ኛ ደረጃ፦ ሒሳቡን መቀነስ ነው ወይስ ከጨለማ መዳን?

ከመስመር ጋር የሚጣመር ሶላር ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ባትሪ የለውም። ኢንቨርተሩ ፓነሉ የሰጠውን ወደ 220 ቮልት ለውጦ ለቤቱ ያቀርባል። አንድ ገንዳ በሁለት ቧንቧ እንደሚሞላ ሁሉ ቤቱ የፀሐዩን ቀድሞ ይጠቀማል፣ የጎደለውን ከመስመሩ ይሞላል። ዋጋው ይቀንሳል፣ የሚበላሽ ክፍሉም ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚደርስበት ነገር አለ፤ መብራት ሲጠፋ ይህ ሲስተም በጠራራ ፀሐይም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ሕግ ነው። የመስመር ሠራተኛ ምሰሶ ላይ የሚወጣው መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው። በዚያ ሰዓት ከአንድ ቤት 220 ቮልት ወደ ውጭ ከወጣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር በተቃራኒው ሠርቶ ወደ 15,000 ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ጤናማ ኢንቨርተር መስመሩ ሲሞት በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ያቋርጣል።

ሁለተኛው ሃይብሪድ የሚባለው ነው። ከባትሪ ጋር ይሠራል፤ መስመሩ ሲጠፋ ቤቱን ከውጭው መስመር ለይቶ ለተመረጡ ዕቃዎች ብቻ ኃይል ይሰጣል። መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ይህን ይምረጥ። ኃይሉ የማይጠፋበትና የሒሳብ ነገር ብቻ ያሳሰበው ቤት ባትሪ የሌለው ይበቃዋል።

2ኛ ደረጃ፦ ፍጆታዎን ይለኩ

ለአንድ ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ የቆጣሪውን ንባብ ደብተር ላይ ይጻፉ። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ቀሪውን ሒሳብ ሳይሆን ጠቅላላ ፍጆታውን ይመዝግቡ። የጠዋቱና የማታው ልዩነት ቀን ቀን የሚጠቀሙትን ያሳያል፤ ለሶላር የሚፈለገው ዋናው ቁጥር ይህ ነው። አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ በሚያገለግልበት ግቢ ደግሞ ከሁሉም ጋር ተነጋግሮ አብሮ መለካት ያስፈልጋል፤ ሶላሩ የሚያገለግለው በዚያ ቆጣሪ ሥር ያለውን ሁሉ ነውና።

ቀጥሎ ዕቃዎቹን ይዘርዝሩ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የወጥ ምድጃ ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት ነው። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና የኤልኢዲ አምፖሎች ተደምረው የምጣዱን ሩብ አያክሉም። ብዙ ቤት ሶላር ሲያስብ አምፖሉን ይቆጥራል፤ በእኛ ቤት ግን ሒሳቡን የሚያንረው ምጣዱ ነው። ከመስመር የተጣመረ ሶላር ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በባትሪ ብቻ ምጣድ ማጋል ትልቅ ገንዘብ ይጠይቃል። ከመስመሩ ጋር ሲሠራ ግን ፓነሉ የቻለውን፣ ለምሳሌ 1,700 ዋት፣ ይሰጣል፤ ቀሪውን 1,800 ዋት መስመሩ ይጨምራል።

በመጨረሻ በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት የሶኬቱን ቮልቴጅ ያስለኩ። መጠሪያው 220 ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው ምድጃውን በሚለኩስበት ሰዓት ሊወርድ ይችላል። ቮልቴጁ ከተፈቀደለት ክልል ሲወጣ ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ይለያል። ስለዚህ ኃይል ማነስ የጠናበት ቤት ባትሪ የሌለውን ዓይነት ቢገዛ ፓነሉ ብዙ ሰዓት ሥራ ፈትቶ ይውላል። ችግሩ ከግቢዎ መጋቢ ሽቦ ከሆነ ሽቦውን ያስቀይሩ፤ ከሰፈሩ መስመር ከሆነ በ905 ደውለው ያመልክቱ።

3ኛ ደረጃ፦ ጣሪያውን ይመርምሩ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ትውላለች። የሰሜኑ ወቅት አብዛኛው ክረምት ስለሆነ ደመና ይበዛበታል፤ ጥርት ያለው የበጋ ፀሐይ የሚገኘው ከደቡብ ነው። ስለዚህ ጥሩው አቀማመጥ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ጣሪያዎ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ቢያይ አይዘኑ፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሚጎድልብዎ ጥቂት ነው። በክረምት ደመናው የሚከብደው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከሁለቱ ምሥራቁ ይሻላል።

ጥላ ግን ትልቅ ጠላት ነው። በተከታታይ ከተያያዙ ፓነሎች በአንዱ ላይ የባሕር ዛፍ ጥላ ወይም የጎረቤት ሕንፃ ጥላ ቢያርፍ የሌሎቹም ምርት አብሮ ሊወርድ ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ጣሪያውን ያስተውሉ። አጠገብዎ አዲስ ፎቅ እየተቆፈረ ከሆነ ስንት ፎቅ እንደሚሆን ቀድመው ይጠይቁ።

ከዚያ ጥንካሬው ይመጣል። አንድ ባለ 550 ዋት ፓነል ወደ 2.3 ሜትር በ1.1 ሜትር ስፋትና 28 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው። አራቱ ከነማሰሪያው ከ120 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ነፋስ ሲያነሳው ደግሞ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይጎትታል። በልደታ ነባር ሰፈሮች ብዙ ቤቶች የጭቃ ግድግዳና በባሕር ዛፍ ወራጅ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ያላቸው ናቸው። ኮርኒሱን በአንድ በኩል አስከፍተው ወራጁንና ማገሩን ይዩ። ምስጥ የበላው፣ የበሰበሰ ወይም የጎበጠ ካለ መጀመሪያ በአዲስ ሞራሌ ይጠገን። የዛገ ቆርቆሮም አስቀድሞ ይቀየር፤ ፓነል ከተጫነበት በኋላ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

የጣሪያው ባለቤት ማን እንደሆነም ይጣራ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ቤቱን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያው የጋራ ነው፤ የባለቤቶች ማኅበሩ በቃለ ጉባኤ ይወስን። እንዲያውም ለአሳንሰር፣ ለውኃ መግፊያ ሞተርና ለመተላለፊያ አምፖል የሚሆን የጋራ ሶላር ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። ልደታ ደግሞ መልሶ ማልማት በብዛት የጎበኘው ክፍለ ከተማ ነው። ስለዚህ በብየዳ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር፣ ሲያስፈልግ ተፈትቶ ሌላ ቤት ላይ የሚተከል ማሰሪያ ይምረጡ።

4ኛ ደረጃ፦ መጠኑን ያስሉ

አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎዋት ፓነል በዓመት አማካይ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ 3 ይወርዳል፤ በበጋ ከአማካዩ ይበልጣል። ግድቦች ውኃ በሚቀንሱበት ወቅት ጣሪያዎ ብዙ ማምረቱ ለሀገርም የሚጠቅም አጋጣሚ ነው።

በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት እንውሰድ። አራት ባለ 550 ዋት ፓነሎች 2.2 ኪሎዋት ናቸው፤ በአማካይ 8.8 ኪሎዋት ሰዓት በቀን፣ በዓመት ወደ 3,200 ያህል ይሰጣሉ። የሚይዙት ቦታ 11 ካሬ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን ፓነሉ ያመረተው ሁሉ ለእርስዎ አይውልም፤ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ቀን ትርፉ ይባክናል። ከምርቱ 60 በመቶውን ብቻ ቢጠቀሙ ዓመታዊ ቁጠባው 1,900 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ቁጥር አሁን በሚከፍሉት የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያባዙ፤ የተከላውን ጠቅላላ ዋጋ ለውጤቱ ሲያካፍሉ ገንዘብዎ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ያገኛሉ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ስለሆነ ብዙ የሚጠቀም ቤት ቶሎ ይመለስለታል፤ በወር 50 ወይም 100 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤት ለቁጠባ ብሎ ባይገባበት ይሻላል። ለእርሱ ትንሽ ባትሪና አንድ ፓነል ለመብራትና ለስልክ ይበቃዋል።

ባትሪ ካስፈለገ ለሌሊቱ ብቻ ይታሰብ። ስድስት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና ፍሪጅ በአማካይ 200 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ማለትም 5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ወደ 20 ሰዓት ያቆያቸዋል። ምጣድ፣ ምድጃና የውኃ ማሞቂያ መብራት ሲጠፋ ባትሪው በሚመግበው የመጠባበቂያ መስመር ላይ ፈጽሞ አይግቡ።

5ኛ ደረጃ፦ ዕቃውን በጥንቃቄ ይምረጡ

መርካቶ ሲወርዱ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ።

ኢንቨርተሩ በእርግጥ ከመስመር ጋር ይጣመራል? ሃይብሪድ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ አይጣመሩም፤ ወይ ከባትሪው ወይ ከመስመሩ እየመረጡ የሚያስተላልፉ ብቻ ናቸው። የዕቃው መግለጫ ላይ አይ.ኢ.ሲ. 62116 የሚለውን ይፈልጉ። መስመሩ ሲሞት ራሱን የማቋረጡ ፈተና ይህ ነው። አይ.ኢ.ሲ. 62109 ደግሞ የደኅንነቱ ፈተና ነው።

ወደ መስመር እንዳይለቅ መገደብ ይቻላል? ቆጣሪው አጠገብ በሽቦው ላይ የሚጠለቅ፣ ሲቲ የሚባል የመለኪያ ቀለበት አብሮት መኖር አለበት። ቀለበቱ ከመስመሩ የሚገባውን እየተከታተለ ትርፍ ሊወጣ ሲል ኢንቨርተሩን ያቀዘቅዘዋል።

በስንት ከፍታ ይሠራል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ ዐቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀታቸውን በደንብ አያስወጡም። መግለጫው 3,000 ወይም 4,000 ሜትር የሚል ይምረጡ፤ ካልሆነ አንድ መጠን ከፍ ያለውን ይግዙ።

ባትሪው ምን ዓይነት ነው? ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከአሲድ ባትሪ ዋጋው ቢበልጥም ብዙ ዓመት ያገለግላል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ቶሎ ይሞታል።

ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ከሦስት ሻጮች የጽሑፍ ፕሮፎርማ ይውሰዱ። ሞዴሉ፣ የዋስትናው ዘመን፣ ዋጋው የሚጸናበት ቀንና ዋስትናውን ሀገር ውስጥ ማን እንደሚፈጽም ይጻፍበት።

6ኛ ደረጃ፦ ከአገልግሎቱ ጋር ይነጋገሩ

ከተከላው በፊት ሒሳብ በሚከፍሉበት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማእከል ቀርበው ምን ሊያስተክሉ እንደሆነ በደብዳቤ ያሳውቁ። የኢንቨርተሩን መግለጫ፣ የሲስተሙን አያያዝ የሚያሳየውን የአንድ መስመር ሥዕልና የባለሙያውን የፈቃድ ቅጂ አያይዙ፤ ገቢ የሆነበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዙ።

ትርፉን ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አለ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለቤቶች ትርፍ ኃይል የማካካሻ ደንብ አውጥታለች። እርስዎ ግን ከአገልግሎቱ ጋር የተፈረመ ውልና በሁለት በኩል የሚቆጥር ቆጣሪ በእጅዎ እስካልገባ ድረስ አንዲት ዋት አይልቀቁ። በአንድ በኩል ብቻ የሚቆጥሩ ብዙ ዲጂታል ቆጣሪዎች የወጣውንም እንደ ገባ ይቆጥሩታል፤ አንዳንዶቹም እንደ ስርቆት ቆጥረው ይዘጋሉ። ለሰጡት ኃይል ከፍለው እንዳይገኙ።

ባለሙያውን በተመለከተ፣ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዛሬ ይህን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የብቃት ማረጋገጫውን ያስቀርቡ። ከሰፈሩ ሳይርቁ ተግባረ ዕድን ከመሳሰሉ ኮሌጆች የተመረቁ፣ የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ያለፉ ባለሙያዎችን መፈለግ ይችላሉ፤ ከዚህ ቀደም የተከሉበትን ቤት ሄደው ይዩ።

7ኛ ደረጃ፦ ተከላው ሲካሄድ ይከታተሉ

ጣሪያ ላይ፦ የማሰሪያው ብሎን ከቆርቆሮ አልፎ እንጨቱን መያዝ አለበት። ቀዳዳው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይሁን፤ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተበሳ ክረምት ሲገባ ያፈሳል። ጎሚኒ ያለው ብሎን ይጠቀሙ። ከፓነሉና ከጣሪያው መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይቅር፤ ፓነል ሲሞቅ ምርቱ ይቀንሳል። ሠራተኛው ቀበቶ ታጥቆ ይውጣ፤ ዝናብ ባረጠበው ቆርቆሮ ላይ ማንም አይቁም።

ሽቦ ላይ፦ አራት ፓነሎች በተከታታይ ሲያያዙ 200 ቮልት ገደማ ይደርሳሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ከዚያም ይበልጣሉ። ይህ ቀጥተኛ ጅረት ሲላላ የሚፈጥረው ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋም፤ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ ለፀሐይ የተሠራ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በኮንዲዩት ውስጥ ይዘርጋ፤ ማገናኛዎቹ ከአንድ አምራች ይሁኑ፤ በእጅ የተጠመዘዘና በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ አይቀበሉ። የተራ መብራት ብሬከር ለዚህ አይሆንም፤ ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራ ይጠይቁ።

መሬት ላይ፦ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ኧርዝ የላቸውም። የመዳብ ዘንግ ይቀበር፤ የፓነሎቹ ፍሬም፣ ማሰሪያውና ኢንቨርተሩ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይገናኙ። በመሣሪያ ተለክቶ ከ10 ኦም በታች ይሁን። ልኬቱ አፈሩ በደረቀበት በበጋ ቢደገም መልካም ነው። የክረምት መብረቅ ስላለ በሁለቱም በኩል የመብረቅ መከላከያ ይገጠም።

ማከፋፈያው ላይ፦ ምጣዱ የራሱ ሽቦና ብሬከር ይኑረው፤ ከመጠባበቂያው ውጭ፣ ከመለኪያ ቀለበቱ በቤቱ በኩል ይሁን። እንዲህ ሲሆን ፀሐዩ ምጣዱን ያግዛል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምጣዱ ባትሪውን አይጨርስም። ቆጣሪው አጠገብ «ይህ ቤት በሁለት በኩል ኃይል አለው፤ መጀመሪያ ሶላሩን ያጥፉ» የሚል የማይጠፋ ጽሑፍ ይለጠፍ።

8ኛ ደረጃ፦ ሳይፈተን አይረከቡ

አንደኛ፣ የፓነሎቹ ቮልቴጅና አቅጣጫ፣ የኧርዙ ልኬትና የእያንዳንዱ ብሎን ጥብቀት በወረቀት ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ሲስተሙ በቀትር እየሠራ ሳለ የዋናው መስመር ማብሪያ ይጥፋ። ባትሪ የሌለው በ2 ሴኮንድ ውስጥ መቆም አለበት። ሃይብሪዱ ለመጠባበቂያው ኃይል መስጠቱን ቢቀጥልም ባለሙያው በዋናው ማብሪያ የቤት ወገን ሲለካ ከሶላሩ ወደ ውጭ የሚሄድ ምንም ቮልቴጅ መገኘት የለበትም። ሦስተኛ፣ ዕቃው ሁሉ ጠፍቶ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ መስመር የሚወጣው ዜሮ መሆኑ በኢንቨርተሩ መስኮት ላይ ይታይ። አራተኛ፣ ምጣዱ ይለኮስና ፀሐዩና መስመሩ ተካፍለው ሲሸከሙት ይዩ።

ሁለተኛው ፈተና ካልተሳካ ክፍያውን አይጨርሱ፤ ሲስተሙንም አያብሩ።

9ኛ ደረጃ፦ አጠቃቀምና እንክብካቤ

እንጀራ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጋገር፤ በክረምት ደመናው ሳይከብድ ቀደም ቢባል ይመረጣል። ልብስ ማጠቢያና ካውያም በዚያ ሰዓት ይሁኑ፤ ምጣዱ ከወረደ በኋላ ተራ በተራ። ቤተሰብ ሁሉ ይህን ልማድ ካደረገ ከምርቱ የሚባክነው ይቀንሳል፤ ቁጠባውን ከፓነሉ ብዛት ይልቅ ይህ ይወስነዋል።

ክረምቱ ፓነሉን ራሱ ያጥበዋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ግን አቧራው ስለሚበዛ በወር አንድ ጊዜ በማለዳ፣ መስተዋቱ ሳይግል፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፤ የኅዳር 12 የቆሻሻ ማቃጠል ጭስም ጥላሸት ይተዋል። ሳሙናና ሻካራ ብሩሽ አይጠቀሙ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ከክረምት በፊት፣ ባለሙያ ማገናኛዎቹን፣ ኧርዙንና የመብረቅ መከላከያውን ይመርምር፤ የ8ኛውን ደረጃ የማጥፋት ፈተናም ይድገመው።

እሳት ከተነሳ የሶላሩንና የዋናውን መስመር ማቋረጫዎች ያጥፉ፤ በ939 ይደውሉ፤ ፓነሎቹ ፀሐይ እስካለ ድረስ ኃይል እንደሚያመነጩ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይንገሩ። ማቋረጫዎቹ የት እንዳሉ በቤቱ ያለ ሁሉ፣ የቅርብ ጎረቤትም ጭምር ይወቅ።

በመጨረሻ ሥዕሉን፣ ደረሰኙን፣ ዋስትናውን፣ የፈተና ወረቀቱንና ለአገልግሎቱ የጻፉትን ደብዳቤ በአንድ ፋይል ያኑሩ፤ ቅጂውን ከማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ። ነገ ያንን ሳጥን የሚከፍተው ባለሙያ የዛሬው ላይሆን ይችላልና ሥራውን በግምት እንዳይጀምር።